የፍሬን ፔዳል መላላት፦ በታምቡር ፋንታ ዲስክ የተገጠመላቸው አሮጌ ተሽከርካሪዎች በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና ምድር

በብዙ ቦታ ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በሚበልጠው የቤንች ሸኮና የሸካ ምድር የታምቡር ፍሬን ድክመት ቶሎ ይታያል። ውኃና ጭቃ ታምቡሩ ውስጥ ከገባ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ዲስክ ግን እየተሽከረከረ ውኃውን ከላዩ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 በአራቱም ጎማዎች ታምቡር ነበረው። የቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ቤተሰብም እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ ስላደረገው፣ በእጅ ያለውን አሮጌ ተሽከርካሪ አሻሽሎ ማቆየት ይበልጥ አዋጭ ሆኗል። የፊቱን ታምቡር በዲስክ መለወጥም ከማሻሻያዎቹ አንዱ ነው።

ከለውጡ በኋላ ግን ፔዳሉ ሊላላ ይችላል። የተለመደው መልስ «አየር ገብቶበታል» ብሎ ደጋግሞ አየር ማስወጣት ነው። ይህ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ «የላላ ፔዳል» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ምልክቶች ቢያንስ አራት ናቸው፤ ምክንያታቸውም አንድ አይደለም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሊለጠጥ፣ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ሊይዝ፣ ተረግጦ ሲቆይ ቀስ በቀስ ሊሰምጥ፣ ወይም ጠዋት ደህና ሆኖ ቁልቁለት ላይ ሊጠፋ ይችላል። መፍቻ ከመነሳቱ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

እንደ ስፖንጅ የሚለጠጠው በአብዛኛው አየር ነው፤ ጥያቄው አየሩ ለምን አልወጣም የሚለው ነው። ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረው ከተገጠሙ የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ታች ይዞራል፤ አየር ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ሙሉ ቀን ቢለፋበት አይወጣም። ይህን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ሳይታይ የሚታለፈውም ቀላል ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ፔዳሉን እስከ ወለሉ እየመቱ አየር ማስወጣት ሌላ ጉዳት ያመጣል። በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ለዓመታት ያልደረሰበት ክፍል ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ መስመጥ ይጀምራል፤ በውጭ የሚፈስ ዘይት ስለማይታይ ጥፋቱ ለአየር ይሰጣል፣ አየር የማስወጣቱ ሥራም ይቀጥላል።

ወደ ወለሉ ተጠግቶ የሚይዘው ፔዳል ከዘይት መጠን ጋር የተያያዘ ነው። የካሊፐር ፒስተኖች የሚንቀሳቀሱት በጥቂቱ ቢሆንም ሰፊ ስለሆኑ ብዙ ዘይት ሊጠይቁ ይችላሉ። የውስጥ ዲያሜትሩ 19.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ማስተር ሲሊንደር በ30 ሚሊ ሜትር ጉዞ የሚገፋው 8.5 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነው በዚያው ጉዞ 15.2 ሚሊ ሊትር ይገፋል። ትልቁን መግጠም ፔዳሉን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን እግር በእኩል ኃይል ሲረግጠው የሚፈጠረው ግፊት ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጠንካራ ፔዳል ማለት የሚይዝ ፍሬን ማለት አይደለም፤ ሲሊንደሩ የሚመረጠው የካሊፐሩን ስፋትና የፔዳሉን የማባዛት ልክ በማስላት ነው።

ሲሊንደሩ ከመለወጡ በፊት ግን የኋላው ታምቡር ይታይ። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ከሆነ የፔዳሉን ጉዞ ግማሽ ሊበላ ይችላል። በብዙ መኪኖች ይህን ለመለየት የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ይሳብና ፔዳሉ ከፍ ማለቱ ይታያል። በላንድሮቨር ሲሪስ ላይ ግን ፈተናው አይሠራም፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ ጀርባ የሚዞረውን ዘንግ ነው። እዚያ ሸራውን ማስተካከልና ፔዳሉን እንደገና መለካት የግድ ነው።

ችግሩ በየትኛው ጎማ እንዳለ ለመለየት ለዚሁ በተሠራ ለስላሳ መቆንጠጫ ሁለቱን የፊትና አንዱን የኋላ የጎማ ቱቦ መያዝ ይቻላል። ሁሉም ተይዘው ፔዳሉ ከጠነከረ ማስተር ሲሊንደሩ ደህና ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሲለቀቁ ፔዳሉን የሚያላላው መስመር ራሱን ይገልጣል። የተሰነጣጠቀ አሮጌ ቱቦ ግን መቆንጠጥ ሳይሆን መለወጥ ነው ያለበት። በኮረኮንች መንገድ ከተጓዘ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ደህና ከሆነ፣ የላላ የጎማ ኩሽኔታ ወይም የተዛባ ዲስክ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ እየገፋቸው ነው።

አራተኛው ምልክት ከሁሉም ይከፋል፤ በጋራዡ ሜዳ ላይ በቀዝቃዛ ፍሬን ሲሞከር አይታይምና። የታምቡር ማስተር ሲሊንደር በመስመሩ ውስጥ ወደ 0.7 ባር የሚጠጋ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። ለታምቡሩ ጎሚኒ ጠቃሚ ነው፤ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ግን ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየጎተተ ያግለዋል። ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ 250 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 4.9 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ በ25 ዲግሪ ያለን ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ውኃ አፍልቶ የሚያተን ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልያዘው አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል።

ተራው የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ልኮች 230 እና 155 ናቸው። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ አየር ይታመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፤ መኪናው ጋራዥ ሲደርስም ፔዳሉ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ሳይረገጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የጎማዎቹ ሙቀት ይነጻጸር፤ የፊቶቹ ያለ ምክንያት ከጋሉ ቫልቩ፣ ወይም የማስተሩ ዘንግ ክፍተት አጥቶ ፒስተኑን መግፋቱ ይፈተሽ። ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ የሚገባውም ከታሸገ ጠርሙስ እንጂ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ክረምት ካሳለፈ ጠርሙስ አይሁን።