ዘሩ መሬት ከመግባቱ በፊት በቤት ይፈተን



በቆልት የማያውቅ የወሎ ቤት ይኖር ይሆን? ባቄላው ወይም አተሩ ማታ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ጧት ውኃው ይጠነፈፍና በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ከየፍሬው ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ከዚያ ይቀቀላል፣ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ ልጆች ከበው ይበሉታል። እናቶቻችን ይህን ሲሠሩ ዘር ምን ሲያገኝ እንደሚነቃ፣ ምን ሲበዛበት እንደሚበሰብስ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ታዲያ ይህ የማዕድ ቤት ዕውቀት ወደ ማሳውና ወደ ጓሮው ቢሻገር ስንቱን ቤተሰብ ከኪሳራ ባዳነ ነበር!

ከኩልመስክ የተገኘ ትምህርት

ኩልመስክ ከወልድያ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ የላስታን አገር ሲያዳርስ፣ ለዘር ብሎ ያኖረውን እህል ያጣው ቤት ብዙ ነው። አንዳንዱ ጠፋበት፤ አንዳንዱ ደግሞ ቸግሮት በላው። ክረምት ሲመጣ ያለው ምርጫ ከገበያ ገዝቶ መዝራት ነበር።

አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የገዙት ገብስ ፍሬው ሙሉ፣ መልኩ ለዐይን የሚማርክ ነበር። ከልጃቸው ጋር አርሰው ዘሩት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማሳው ሲታይ ግን እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው የበቀለው። ሰዉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። ገሚሱ «ዝናቡ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ወፍ ለቅሞት ነው» አለ፤ «ዐይን በልቶት ነው» ያለም አልታጣም።

ልጁ ተማሪዬ ነውና ከተረፈው ገብስ አንድ እፍኝ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። ከጓደኞቹ ጋር ሆነን ቤቴ ውስጥ 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደርን። በሰባተኛው ቀን ስንቆጥር የበቀለው 38 ብቻ ሆነ። ዝናቡም፣ ወፉም፣ ዐይኑም ያለ ጥፋታቸው ታምተዋል ማለት ነው።

ጨርቁን ይዘን ወደ እናትየው ሄድን። አየት አደረጉና «ይኼማ በቆልት ነው!» አሉ።

«አዎ እመዬ፣ በቆልት ነው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለሆዴ ስል በየዓመቱ አበቅላለሁ፤ ለመሬቱ ስል ግን አንድም ቀን ሞክሬ አላውቅ» አሉ።

እኔም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በመጽሐፍ አላገኘሁም።

እህሉ እያማረ ለምን አይበቅልም?

ዘር ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ትንሽ ጽንስ ተኝቷል፤ በዙሪያው ያለው ዱቄት ስንቁ ነው። ጽንሱ ሲሞት ስንቁ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ እህሉ ይፈጫል፣ ይጋገራል፣ ይበላል፤ አይበቅልም እንጂ። ለቂጣ የሚሆን እህል ሁሉ ለዘር አይሆንም የምንለው ለዚህ ነው።

ጽንሱን ቶሎ የሚገድሉት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። የዘር ባለሙያዎች አንድ ቀላል መመሪያ አላቸው፤ የተቀመጠው ዘር እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት በእጥፍ ይረዝማል። በደንብ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ የከረመ ገብስ ግን ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ይሻግታል። ነቀዝም የዘሩን ጽንስ ከበላ ፍሬው ከውጭ ደህና መስሎ ይታያል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ በተፈጥሮው ዕድሜው አጭር በመሆኑ፣ በጥሩ ሁኔታ ካልተቀመጠ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ብዙም አይታመንም።

ሌላም አለ። ገና የታጨደ ገብስ ወይም ስንዴ ሕይወት እያለው ላይበቅል ይችላል፤ ይህ የዘር እንቅልፍ ነው። እንዲህ ያለው ዘር ከተነከረ በኋላ ለጥቂት ቀናት በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ቢያድር ይነቃል። ጥቂት ወራት በደረቅ ቦታ ሲቆይም እንቅልፉ በራሱ ይለቀዋል።

የመቶ ፍሬ ፈተና

ይህን ሥራ ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ። የሚሻለው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ዘሩ ባይሆን እንኳ ሰኔ ሳይገባ ሌላ ለመፈለግ ፋታ ይገኛል።

1. ከጎታው ወይም ከከረጢቱ አናት፣ መሐልና ሥር እፍኝ እፍኝ ወስዶ መደባለቅ።

2. ከተደባለቀው ላይ ሳይመርጡ 100 ፍሬ መቁጠር። ልጆች ቆንጆ ቆንጆውን መልቀም ይወዳሉና ይጠንቀቁ፤ ለፈተናው ከተመረጠ ማሳው ይዋሻል።

3. ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርሶ መጭመቅ። ጨርቁ መርጠብ አለበት፤ ውኃ ማንጠባጠብ ግን የለበትም።

4. ፍሬዎቹን ሳይነካኩ አሥር በአሥር መደርደር፣ ጨርቁን መጠቅለል፣ አየር እንዲገባው አፉ ባልታሰረ ፌስታል ውስጥ ማኖር።

5. ብርድ በማይመታው፣ እሳትም በማያቃጥለው ቦታ ማስቀመጥ። በየቀኑ ገልጦ ማየት፣ ሲደርቅ ውኃ እፍ ማለት፣ የሻገተውን ማውጣት።

6. ገብስና ስንዴን በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን፣ ምስርን በአሥረኛው፣ ባቄላን እስከ አሥራ አራተኛው ቀን መቁጠር። የሚቆጠረው ሥርም ቡቃያም ያወጣው ጤነኛ ፍሬ ብቻ ነው። ነጭ ጫፍ አሳይቶ የቆመው ወይም የበሰበሰው አይቆጠርም።

ከ90 በላይ ከበቀለ አልሐምዱሊላህ፤ በልማድዎ መጠን ይዝሩ። 80 ከሆነ መጠኑን ይጨምሩ፤ 100 ኪሎ ይዘሩበት የነበረው ማሳ 125 ኪሎ ይፈልጋል። ከ60 በታች ከሆነ ግን ያንን እህል ለምግብ አውለው ሌላ ዘር ቢፈልጉ ይሻላል። የጎረቤቴ ገብስ 38 ብቻ ስለነበረ ማሳውን ለመሙላት ከልማዱ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ያስፈልግ ነበር።

ለጓሮ አትክልት

ዘር ለመንቃት ውኃ፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። አንዱ ሲበዛ ሌላው ይጠፋል። ባቄላና አተር አንድ ሌሊት መነከራቸው ይጠቅማል፤ ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ከቆዩ ግን አየር አጥተው ይታፈናሉ።

ገብስ፣ ስንዴ፣ ምስርና ባቄላ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይስማማቸዋል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ከ20 እስከ 30 ይወዳሉ። የላስታ ሌሊት ስለሚበርድ እነዚህን በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በጣሳ ውስጥ ማፍላት ጥሩ ነው። የዕቃውን ሥር በምስማር መብሳት፣ አፈሩን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር መደባለቅ፣ ቀን ፀሐይ ማውጣት፣ ማታ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ቤት ማስገባት ነው።

ዘሩ የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ በሚያህል ጥልቀት ነው። የሰላጣ ዘር ግን ብርሃን ስለሚፈልግ ከላይ ነስንሶ በእጅ ጫን ማድረግ ይበቃዋል። ቀይ ሥር ከአንዱ «ፍሬ» ሁለት ሦስት ችግኝ ቢያወጣ አይደነቁ፤ ያ ፍሬ በውስጡ ብዙ ዘር የያዘ ዘለላ ነው። ችግኞች በቅለው አንገታቸው ቀጥኖ ከወደቁ ውኃ በዝቶባቸዋል፤ ወይም ተጠጋግተው ታፍነዋል። ውኃ ጧት ጧት ማጠጣት፣ የተጠጋጋውን ማሳሳት ይገባል።

ቆዳቸው ለጠነከረ ዘሮች

የግራር ዘር ቆዳው ውኃ አያስገባም። የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዶ ማፍሰስና ዘሩን እዚያው ለአንድ ቀን መተው ቆዳውን ያላላዋል። የወይራ ፍሬ ደግሞ ውስጡ ያለው ዘር ሳይጎዳ አጥንቱን በጥንቃቄ ሰንጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ልጆች በረመዷን ከፉጡር የተረፈውን የተምር ፍሬ ይዘው «ይበቅላል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ ይበቅላል። ፍሬውን አጥቦ ጥቂት ቀናት መንከር፣ ውኃውን በየቀኑ መለወጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ማኖር ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና ትዕግሥት ይጠይቃል። ብርዳማ በሆነው ደጋ ተምር ያፈራል ብለን ተስፋ አንሰጥም፤ ሲበቅል ማየቱ ብቻ ግን ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ማሳዳ በተባለው ደረቅ ስፍራ የተገኘ፣ ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የተምር ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል። ይህን ያህል ዘመን ካቆዩት ነገሮች አንዱ የቦታው ድርቀት ነው።

ከቤት እስከ አገር

በአገራችን የዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገበሬው የዘር እህሉን ለመብላት ሲገደድ፣ የአገሩ ዘር ፈጽሞ እንዳይጠፋ በመታገላቸው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በእንዲህ ያሉ የዘር ባንኮች በቅዝቃዜ የተቀመጠው ዘር በየጊዜው ወጥቶ ይፈተናል። ባለሙያው ፍሬ ይቆጥራል፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይደረድራል፣ ቀኑ ሲደርስ የበቀለውን ይቆጥራል። ከእናቶቻችን ጨርቅ የሚለየው በዕቃው እንጂ በሥራው አይደለም።

ውድ አንባቢያን! ዝናብን የሚያወርደው፣ ፍሬንም ፈልቅቆ የሚያበቅለው አላህ ነው። ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ያቺ ጎረቤቴ በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ከሦስት ቤት የለመኑትን ገብስ በሦስት ጨርቅ ለይተው አበቀሉ። ቆጣሪው ልጃቸው ነበር። 94 የበቀለውን ዘሩ፤ የቀረውን ቆሉት። ክረምቱ ሲገባ በማሳው ዳር ሳልፍ ጠርተውኝ «አብሽር ልጄ፣ ዘንድሮ ወፍም አልታማ» አሉኝ።

እርስዎስ የዘንድሮውን ዘር ቆጥረዋል? አላህ አዝመራችንን በረካ ያድርግልን።