ከመሠረት ሥር የቀረ ጣውላ

የቤት ጽናቱ በመሠረቱ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አርማታው ፈስሶ አፈር ከተመለሰበት በኋላ ከመሬት ውስጥ ምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ የተዘነጋ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ለአርማታው ቅርጽ እንዲሰጥ የቆመው ጣውላ ሳይነቀል ተቀብሮ መቅረቱ ነው።

ሆዳንን እንመልከት። ሆዳን በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ የሚገኝ መኖሪያ ሰፈር ነው። ባልባላ ቀደም ሲል በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆዎች ይታወቅ ነበር፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን የብሎኬትና የአርማታ ቤቶች ተበራክተውበታል። በዚህ ደረቅ አገር ለጣውላ የሚሆን ደን እምብዛም ስለማይገኝ ጣውላው ከውጭ ይገባል። ታዲያ ይህን ውድ ዕቃ ከጉድጓድ ትቶ መሄድ ከምን ይመጣል? ጉድጓዱ ሲጠብ አናጢው እጁን የሚያዞርበት ስፍራ ያጣል፤ አሠሪው ይቸኩላል፤ «መሬት ይሸፍነዋል» ይባልና አፈር ይመለስበታል።

መሬት ግን ይሸፍናል እንጂ አይጠብቅም። ምሽግ ቆፍሮ በግንድ የደገፈ ወታደር ይህን ያውቀዋል። እርጥበት ያገኘው እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥ የደረሰበትም ውስጡ ባዶ ይሆናል። ምስጥ አርማታ አይበላም። ሆኖም የተቀበረው ጣውላ በመጀመሪያ ቀለቡ፣ ቀጥሎም መንገዱ ይሆንለታል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በሆነች ስንጥቅ ሾልኮ፣ የጭቃ ዋሻውን በግድግዳው ላይ እየሠራ ወደ በሩ መቃንና ወደ ጣሪያው ማገር ይወጣል። ባለቤቱ የሚነቃው መቃኑ በጣት ሲነካ የተደረመሰ ዕለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ጣውላው በስብሶ ሲያልቅ የሚተወው ክፍተት ነው። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት ማጥፋቱ፣ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ በጎርፍ መጥለቅለቋ አይዘነጋም። ውሃ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያገኝ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሊሾውም ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል።

ለእውነቱ ያህል፣ የተቀበረ ጣውላ የጠነከረውን አርማታ በራሱ አያደክምም፤ ቤቱም በማግሥቱ አይፈርስም። ቸል የሚያሰኘውም ይኸው መዘግየቱ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት የአርማታ ማፍሰሻ እንጨት ሁሉ ከወለል በታች እንዲወጣ የተደነገገው በዋዛ አይደለም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ጉድጓዱ ሲቆፈር ለሠራተኛው መቆሚያ ይታሰብ። ጣውላው ከመቆሙ በፊት ዘይት ይቀባ፤ ያለ ትግል ይላቀቃል። የጎኑ ጣውላ አርማታው ሲጠና፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሊነቀል ይችላል፤ አርማታው ግን በሐሩር አገር ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። አፈሩም በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይመለስ። ስፍራ ከጠፋና መሬቱ ጽኑ ከሆነ፣ ፌሮውን ከአፈሩ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ያለ ጣውላ ማፍሰስ ይቻላል።

ቤት ለብዙዎቻችን የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ስለዚህ አፈር ከመመለሱ በፊት ባለቤቱ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ በዓይኑ ይመልከት። ያን ጊዜ የአንድ ሰዓት ድካም የሚያወጣውን ጣውላ፣ በኋላ ወለል አፍርሶ መፈለግ ይመጣል።