የጃንሆይ ስም በሁለት ፊልሞች መካከል

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በትንሽ ቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ ከመንገድ ዳር «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልታቸው ተመረቀ። 44 ዓመት ሙሉ ስማቸው የወጣው የወረደው ከእሳቸው በኋላ በመጣው እየተመዘነ ነው።

ስማቸውን የጣለው ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ፣ በእንቁጣጣሽ ማታ የታየው ፊልም ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ በቀረጸው የረሃብ ፊልም ውስጥ፣ ደርግ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን ለቀቀው። ቅንብሩ ሰውየውን ለማዋረድ የታሰበ ነበር። ረሃቡ ግን እውነት ነው፤ መንግሥት ሸሽጎታል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቆበታል።

ስማቸውን መልሶ ያነሣው ራሱ ደርግ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የንጉሡን ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ንጉሡም በነሐሴ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ፤ አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ከዚህ ሁሉ የከፋው የ1977ቱ ነው። ንጉሡን በተሸሸገ ረሃብ የከሰሰው መንግሥት፣ ወሎና ትግራይ ዳግም ሲራቡ 10ኛ ዓመቱን በድግስ አከበረ። የደርግ ቀይ ሽብር ልጁን የነጠቀው ወላጅ «የጃንሆይ ጊዜ» ሲል ድምፁ ቢለሰልስ ማን ይፈርድበታል?

ደርግን የተካው ኢሕአዴግም የመንግሥት ቀብር ነፈጋቸው። አፅማቸው በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ስማቸው ዛሬም አንድ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የፈረሰውን ፌዴሬሽን ለማይረሳ ኤርትራዊ፣ ወይም ቤተሰቡ ጭሰኛ ለነበረ የደቡብ ገበሬ ሌላ ሰው ናቸው። ለንደን ዊምብልደን የነበረው ሐውልታቸውም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ተሰባብሯል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ወሎ ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ፊልም ጃንሆይ በ1956 ዓ.ም. ከኬኔዲ ጋር በዋሽንግተን ጎዳና በክፍት መኪና ሲያልፉ የሚያሳየው ነው። ያምራል፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የወሎዎቹን ሕፃናት ግን ከልጆቼ አንዱም አይቷቸው አያውቅም።