እንከን ሲጠቅም

ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ የሚያስተላልፍ ሱፐርኮንዳክተር እንከን የለሽ ቢሆን ይሻላል ብለን እናስብ ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

በ1987 የተገኘው የኢትሪየም፣ የባሪየም፣ የመዳብና የኦክስጅን ውህድ ከ93 ኬልቪን ገደማ በታች ሱፐርኮንዳክተር ስለሚሆን፣ በ77 ኬልቪን የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዝ ይበቃዋል። ጠንካራ የማግኔት መስክ ውስጥ ስናስገባው ግን መስኩ በቀጫጭን አዙሪቶች መልክ ሰርጎ ይገባል። ከረንት ስንለቅ አዙሪቶቹ ይገፋሉ፤ ከተንቀሳቀሱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሬዚስታንስም ይመለሳል። ያለዚህ መፍትሔ ከዚህ ውህድ ጠንካራ ማግኔት መሥራት አይቻልም።

መላው አዙሪቶቹን ባሉበት መቸከል ነው። የአዙሪት እምብርት ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ችካሉም በዚያው ልክ መሆን አለበት። በ2004 የታተመ ጥናት በስሱ ፊልም ውስጥ ባሪየም ዚርኮኔት ሲጨመር በማግኔት መስክ ውስጥ የሚሸከመው ከረንት እንደሚጨምር አሳይቷል። ቅንጣቶቹ ፊልሙ ሲያድግ ተደራርበው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ምሰሶው ሱፐርኮንዳክተር ስላልሆነ አዙሪቱ እዚያ ማረፍ ይቀለዋል፤ በተለይ መስኩ ከምሰሶው ጋር ትይዩ ሲሆን።

ሲበዛ ግን ከረንቱ ራሱ መንገድ ያጣል። ስለዚህ ጥያቄያችን «እንከኑን እንዴት እናጥፋው?» ሳይሆን «የትኛው እንከን፣ የት፣ ምን ያህል?» ነው።