የአርብ ሂሳብ፦ የሂንዲ ፊልም ገቢና ክብረ ወሰኑ

በህንድ አዲስ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አርብ ነው። አርብ ማታ የመጨረሻው ተመልካች ከአዳራሹ ሳይወጣ የአከፋፋዮች ስልክ መጮህ ይጀምራል። ዴልሂ እንዴት ዋለች? ፓትናስ? ወንበሩ ሞላ ወይስ ባዶ ቀረ? ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ፊልሙ በመጀመሪያ ቀኑ ይህን ያህል አስገባ ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ቁጥሩ ቢያድግ ማንም አይደነቅም፤ ሰው ሥራ ፈት ነውና። የሚፈራው ሰኞ ነው። የሰኞው ገቢ ከአርቡ እምብዛም ካልወረደ ፊልሙ ሰው ይዟል ማለት ነው። ከግማሽ በታች ካሽቆለቆለ ግን በማስታወቂያ ብዛት የመጣው ሰው አልቋል፤ አይቶ የወጣውም ለጎረቤቱ «ሂድና እይ» አላለም።

ይህን ሂሳብ በቅርብ የሚከታተል ሰው ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገባዋል። ክብረ ወሰን ተብሎ የሚለጠፈው ቁጥር ስንት ገንዘብ እንደ ተሰበሰበ ይናገራል፤ ስንት ሰው እንደ መጣ ግን አይናገርም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በጣም ሰፍቷል። የሂንዲን ሲኒማ እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ርቀት ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አለበለዚያ እናቶቻችንና አባቶቻችን ያለቀሱባቸው ፊልሞች ዛሬ ከወጣ ተራ ፊልም ያነሱ ይመስሉታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሃዱ እንጀምር። ህንዶች 100 ሺህን ላክ፣ 100 ላክን ደግሞ ክሮር ይላሉ። አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፤ «100 ክሮር» ማለት አንድ ቢሊዮን ሩፒ ነው። አሁን አንድ ተመልካች 236 ሩፒ ከፍሎ ገባ እንበል። ከ2019 ወዲህ ከ100 ሩፒ በላይ በሆነ ትኬት ላይ የሚጣለው ታክስ 18 በመቶ ስለሆነ፣ 36ቱ ሩፒ ወደ መንግሥት ይሄዳል። ሙሉው 236 ጠቅላላ ገቢ ይባላል፣ የቀረው 200 የተጣራ ገቢ። ይህንን 200 ሩፒ ሲኒማ ቤቱና አከፋፋዩ ይካፈሉታል። ስንት ለስንት የሚለው ጥያቄ በ2009 ትልቅ ጠብ አስነስቶ ነበር። ፕሮዲዩሰሮቹና ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶቹ፣ መልቲፕሌክስ የሚባሉት፣ መስማማት አቅቷቸው ሁለት ወር ያህል ትልልቅ ፊልሞች ሳይወጡ ቆዩ። በመጨረሻ የተስማሙት ለአከፋፋዩ በመጀመሪያው ሳምንት 50 በመቶ፣ በሁለተኛው 42.5፣ በሦስተኛው 37.5፣ ከዚያ በኋላ 30 በመቶ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ከዚያ 200 ሩፒ ውስጥ አከፋፋዩ በመጀመሪያው ሳምንት 100፣ በሁለተኛው 85፣ በሦስተኛው 75፣ ከአራተኛው ጀምሮ 60 ሩፒ ብቻ ያገኛል።

ይህ የድርሻ ሰንጠረዥ የፊልሙን ዕድሜ ሳይቀር ወስኖታል። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ድርሻው የሚቀንስበት አከፋፋይ ፊልሙን በሺህ በሚቆጠሩ አዳራሾች በአንድ ቀን መልቀቅ፣ ገንዘቡንም ሰው ወሬ ሳያደርስ መሰብሰብ ይፈልጋል። የአርቡ ቁጥር ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ የተጣራ 100 ክሮር ያስገባ ፊልም ከሲኒማ ቤት ለባለቤቱ የሚመልሰው ከዚያ ግማሽ ያህሉን ወይም ያነሰውን ነው። ፊልሙ 120 ክሮር ወጥቶበት ከሆነ፣ በፖስተሩ ላይ 100 ክሮር በትልቁ ተጽፎ እያለ ባለቤቱ ከስሮ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ኦንላይን መድረኮች የሚከፍሉት ካላዳነው በስተቀር።

የአከፋፋዮቹ ካርታ ራሱ አስገራሚ ነው። አገሪቱን የሚከፋፍሏት ዛሬ ባሉት ክልሎች ሳይሆን ጥንት በነበሩት ነው። የሃይደራባድ ንጉሥ ማዕረግ የነበረው «ኒዛም» እስከ ዛሬ የአንድ የፊልም ገበያ ስም ነው፤ ማይሶርም እንዲሁ። «ሲፒ ቤራር» የሚሉት በእንግሊዞች ዘመን የነበረ ግዛት ነው፤ የቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ገበያ ደግሞ ጉጅራትንም ይጨምራል። መንግሥታት ተለውጠዋል፣ ድንበሮች ተሠርዘው እንደገና ተሠምረዋል፤ የፊልም ነጋዴው መዝገብ ግን ያው ነው።

ቁጥሩን ማን ይቆጥራል? በህንድ የሁሉንም ሲኒማ ቤት ገቢ ሰብስቦ የሚያወጣ አንድ ኦፊሴላዊ አካል የለም። ቁጥሩ ከሁለት ወገን ይመጣል፦ ከፕሮዲዩሰሩ፣ እንዲሁም በየገበያው ካሉ አከፋፋዮችና ሲኒማ ቤቶች እየጠየቁ ከሚገምቱ የሙያው ጸሐፊዎች። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ድሮ ስህተቱ ወደ ታች ነበር። ክልሎች በትኬት ላይ ከባድ የመዝናኛ ግብር ይጥሉ ስለነበር፣ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች የሸጡትን ትኬት አሳንሰው ያስመዘግቡ ነበር። ደጅ ላይ ቆመው ትኬት በእጥፍ የሚሸጡት ሰዎች ያገኙት ገንዘብ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አልገባም። ዛሬ ስህተቱ ወደ ላይ ሆኗል። ትኬት በኮምፒዩተር ስለሚቆረጥ ማሳነስ አስቸጋሪ ነው፤ ቁጥሩ ግን ራሱ ማስታወቂያ ስለሆነ የማሳበጥ ፈተና መጣ። ፕሮዲዩሰሩ ወይም ተዋናዩ የሚያስተዋውቀው ድርጅት ትኬት በጅምላ ገዝቶ ያድላል፣ በስልክ መተግበሪያው ላይ አዳራሹ የሞላ ይመስላል፣ ሄደህ ስታየው ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ይህ ልማድ ተመልካቹን ያታልላል። ከዚያ የከፋው ግን በራሱ ጉልበት ሰው የሰበሰበውን ፊልም መበደሉ ነው፤ የእሱም ቁጥር አብሮ ይጠረጠራልና።

ሩፒ ዋና መለኪያ ከመሆኑ በፊት መለኪያው ጊዜ ነበር። ፊልም በአንድ ሲኒማ ቤት 25 ሳምንት ከቆየ የብር ኢዮቤልዩ፣ 50 ሳምንት ከቆየ የወርቅ ኢዮቤልዩ ይከበርለት ነበር። የ1960ዎቹ ተዋናይ ራጄንድራ ኩማር ፊልሞቹ በተከታታይ 25 ሳምንት ስለሚደፍኑ ሕዝቡ «ጁቢሊ ኩማር» ብሎት ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው በ1943 የወጣው «ኪስመት» ነው። አሾክ ኩማር ሌባ ሆኖ የተወነበት ይህ ፊልም በካልካታው ሮክሲ ሲኒማ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ያንን የሰበረው «ሾሌይ» ነው። በነሐሴ 1975 ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሙያው ሰዎች ወደቀ ብለው ፈርደውበት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰው ለሰው እየነገረ አዳራሹ መሙላት ጀመረና በሙምባይ ሚነርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። በመላው ህንድ ከ10 ክሮር በላይ ትኬት እንደ ተሸጠለት ይገመታል። አርብ ወጥቶ ሰኞ በሚፈረድበት በዛሬው አሠራር «ሾሌይ» ሁለተኛ ሳምንቱን ማየቱን እጠራጠራለሁ።

በ1995 የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃንያ ሌ ጃዬንጌ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በሙምባይ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ማራታ ማንዲር ሲኒማ በታኅሣሥ 2014 1,000ኛ ሳምንቱን አከበረ፤ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። ትኬቱ በዚያን ጊዜ ወደ 20 ሩፒ ነበር። ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት፣ አሥር ጊዜ ያየው ሰው ሁሉ ይገባል። ይህ ሁሉ ሰው በሩፒ ሲመዘን ከአንድ ትልቅ አዲስ ፊልም የአንድ ከሰዓት በኋላ ገቢ ጋር አይስተካከልም፤ ይሁንና ሌላ ፊልም የማይደርስበት ክብረ ወሰን ነው።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው «ጋዳር» ነው። በሰኔ 15 ቀን 2001፣ ከተዋናዩ አሚር ካን «ላጋን» ጋር በአንድ ቀን ወጣ። ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ አንድ የሲክ ሹፌር ያዳናትን ሙስሊም ሴት አግብቶ፣ በኋላም እሷን ፍለጋ ድንበር ሲሻገር የሚያሳይ ታሪክ ነው። በተለይ በሰሜን ህንድ ሕዝቡ ጎረፈ፤ በፑንጃብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማሳየት የጀመሩ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ። ግምቱ እንደሚለው 5 ክሮር ያህል ትኬት ተሽጦ የተጣራ ገቢው ከ80 ክሮር በታች ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2023፣ ያው ዳይሬክተር አኒል ሻርማና ያው ተዋናይ ሳኒ ዲኦል «ጋዳር 2»ን አወጡ። የተጣራ ገቢው ከ500 ክሮር አለፈ። የተሸጠው ትኬት ግን ከመጀመሪያው በሚሊዮኖች ያነሰ እንደሆነ ነው የሚገመተው። ገንዘቡ ከስድስት እጥፍ በላይ አድጎ ሰው ቀነሰ።

በመካከሉ የተፈጠረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልቲፕሌክስ በ1997 በደቡብ ዴልሂ፣ ሳኬት በተባለ ሰፈር ተከፈተ፤ ከዚያ በየገበያ ማዕከሉ ተስፋፋ። ወንበሩ ለሰለሰ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ትኬቱ ተወደደ። ሺህ ሰው የሚይዙት የድሮ ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ በብዛት ተዘጉ፣ ፈርሰውም ሕንፃ ተሠራባቸው። ሪክሾ ነጂው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር ለገበያ የመጣው ገበሬ ፊልም የሚያየው በእነዚያ ነበር። ከክብረ ወሰኑ ወረቀት ላይ የጠፋው ሰው እሱ ነው፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ሂሳብ አሳዛኝ ክፍል ይህ ነው።

100 ክሮር ያስገቡ ፊልሞች የሚቆጠሩበት «የ100 ክሮር ክበብ» የመጣው በዚህ ለውጥ ላይ ነው። በ2008 የገና ሰሞን የወጣው የአሚር ካን «ጋጂኒ» በህንድ ውስጥ በተጣራ ገቢ 100 ክሮር በመድፈን የመጀመሪያው ሆነ። በዓመቱ «3 ኢዲየትስ» 200፣ በ2014 «ፒኬ» 300 አለፉ። በ2023 የሻህሩክ ካን «ፓታን» እና «ጃዋን» በዓለም ዙሪያ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ክሮር በላይ ጠቅላላ ገቢ አገኙ። ትልልቆቹ ተዋናዮች ፊልማቸውን የሚያወጡባቸው በዓላትም ተከፋፍለው ነበር፦ ዒድ የሰልማን ካን፣ ዲዋሊ የሻህሩክ፣ ገና የአሚር።

ከህንድ ውጭ ያለው ገቢ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ራጅ ካፑር የሠራው «አዋራ» በ1954 በሶቪየት ኅብረት ሲታይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ፤ ገንዘቡ ግን አብዛኛው እዚያው ቀረ። ከሁሉም የገዘፈው «ዳንጋል» ነው። ሴት ልጆቹን ትግል ያስተማረ የሃሪያና አባት ታሪክ በህንድ 387 ክሮር ያህል የተጣራ አስገብቶ፣ በግንቦት 2017 ቻይና ሲገባ ወደ 1.3 ቢሊዮን ዩዋን ሰበሰበ፤ ከአገሩ ያገኘውን በእጅጉ የሚበልጥ። ቻይናውያን የፊልሙን መሪ ተዋናይ አሚርን «3 ኢዲየትስ»ን በሕገ ወጥ መንገድ በተባዛ ቅጂ አይተው ቀድመው ወደውት ነበር። ያ ገቢ ያላስገኘ ቅጂ በኋላ ገበያ ከፈተ ማለት ነው። እኛም አገር በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ዘፈኑን በቃሉ የያዘ ትውልድ ነበር፤ የከፈለው ሳንቲም የሂንዲ ፊልም ወደሚሠራባት ሙምባይ አልደረሰም፤ ከተመልካች ቁጥርም አልገባም።

ከ2017 ወዲህ ደግሞ የሂንዲ ክብረ ወሰን የሂንዲ ፊልም ብቻ መሆኑ ቀረ። በደቡብ ህንድ ቋንቋ በቴሉጉ የተሠራው «ባሁባሊ 2» የሂንዲ ድምፅ ተተክቶለት ከ500 ክሮር በላይ የተጣራ አስገባ። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ሌላው የቴሉጉ ፊልም «ፑሽፓ 2» ደግሞ በሂንዲ ብቻ ከ800 ክሮር አለፈ። ሙምባይ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ አዳራሽ፣ የቴሉጉ ፊልም በሚሠራባት በሃይደራባድ ተበለጠች። ባለሙያዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔን የሚያሳምነኝ የደቡብ ፊልም ሠሪዎች መልቲፕሌክስ የማይገባውን ተመልካች አለመርሳታቸው ነው።

በቅርቡ የታየው ነገር ግን ተስፋ ይሰጣል። በ2018 ወጥቶ ብዙም ያልታየው «ቱምባድ» በመስከረም 2024 እንደገና ሲወጣ ከመጀመሪያው ጊዜ የበለጠ ገቢ አገኘ። በ2016 የወደቀው የፍቅር ፊልም «ሳናም ቴሪ ካሳም» በየካቲት 2025 ተመልሶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያውን ጊዜ ሙሉ ገቢውን በለጠ። በመካከሉ ወጣቶች በቴሌቪዥንና በስልካቸው አይተው ወደውት ነበርና አሁን ከፍለው በትልቁ ስክሪን ሊያዩት መጡ። ከዚያ ወዲህ አከፋፋዮች በመጋዘናቸው ያለውን የድሮ ፊልም ዝርዝር እያገላበጡ፣ አዲስ ትልቅ ፊልም በሌለበት አርብ የትኛውን እንደሚያወጡ ይመክራሉ።