የደጋው ገብስ በጠርሙስ ቆላ ሲወርድ

ገብስ በቤት ውስጥ ሁለት መጠጥ ይወጣዋል፤ ጠላና ቀሪቦ። ጠላ በብቅልና በጌሾ በጋን ይጠመቃል። ቀሪቦ ደግሞ ጠቆር እስኪል የተቆላ ገብስ በውኃ ፈልቶና ተጣርቶ፣ ሲበርድ ስኳርና የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት ለአጭር ጊዜ የሚብላላ መጠጥ ነው። አልኮል የማይጠጡ ቤተሰቦች በሠርግና በበዓል ያቀርቡታል። ሁለቱንም በጠርሙስ ሞልቶ ለገበያ ማቅረብ ለገብስ አምራቹ ቤተሰብ ተጨማሪ ገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጋን ይተነፍሳል፤ የተከደነ ጠርሙስ አይተነፍስም።

እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለውጣል። 100 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 25 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ሊትር ቢራ የሚይዘው ግን ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጣፋጭ ቀሪቦ እርሾው ሳይሞት ከታሸገ ጠርሙሱ የማይችለው ግፊት የሚፈጠረው ለዚህ ነው።

ሙቀት ነገሩን ያባብሰዋል። ከ1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ሰርዶ የሚደርስ ጠርሙስ ከ500 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይወርዳል። በዚያ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። እርሾው ይፈጥናል፤ በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ጋዝም ወጥቶ ክዳኑን ይገፋል። ብርጭቆ ከሆነ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

ለጀማሪ የሚበጀው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ወፍራም የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀሙ። የብርጭቆ ጠርሙስና ስስ የውኃ ፕላስቲክ ይቅሩ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ጠላ ከሆነ መብላላቱን ጨርሶ እስኪጠል ይጠብቁ። ጋዝ እንዲኖረው ከተፈለገ ለአንድ ሊትር ከሁለት የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ስኳር አይለፍ፤ ይህም 8 ግራም ያህል ነው። ቀሪቦ ግን ጣፋጩ ገና በውስጡ ስላለ ሲታሸግ ምንም አይጨመርበትም።

ሦስተኛ፣ ሲሞሉ ከላይ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ። ጠርሙሱን በየጊዜው በእጅ ይጫኑት፤ አልጫን ብሎ ከጠጠረ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ክዳኑን በጥቂቱ ላላ አድርጎ ማስተንፈስና በዚያው ዕለት መጠጣት ነው። ሲከፈት ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጋዙ በጨመረ ቁጥር አልኮሉም አብሮ ይጨምራል፤ 10 ግራም ስኳር ሲብላላ 5 ግራም ያህል አልኮል ይተዋል። ጠዋት ለስላሳ የነበረ ቀሪቦ በሙቀት ሲሰነብት ለስላሳ አይደለም። «አልኮል የለውም» ተብሎ በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል ለማይጠጣ ሰው ከተሸጠ፣ ገዢው ሳያውቅ አልኮል ይጠጣል።

ስለዚህ በቤት መጠጥ የተደራጁ እናቶችና ወጣቶችን የሚደግፉ የወረዳ ባለሙያዎች የታሸገበት ቀንና ሰዓት በየጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ቢያስለምዱ መልካም ነው። ማቀዝቀዣ ሳይዝ ቆላ የሚወርድ ቀሪቦ ደግሞ ባይታሸግ ይሻላል። የተቆላውንና የተፈጨውን ገብስ በደረቁ ልኮ እዚያው ሰርዶ ላይ ማፍላት ይቻላል። ደረቅ ገብስ በሙቀት አይፈነዳም፤ አምራቹም ገበያውን አያጣም።