ነገረ ሮኬት ለጀማሪ

ሮኬት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው እሳትንና ጢስን ነው፤ ነገር ግን ሮኬትን ከምድር የሚያነሣው ኃይል በባሕርዩ የእሳት ኃይል አይደለም። ማናቸውም ግዑዝ አካል በውስጡ የያዘውን ቁስ ወደ አንድ ወገን አፍጥኖ ከወረወረ፣ እርሱ ራሱ ወደ ተቃራኒው ወገን እንደሚገፋ እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በእኛ አቆጣጠር በ1679 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ሕግ አድርጎ ደንግጎታል፤ እሳት በዚህ ሕግ ውስጥ ያለው ድርሻ የሚወረወረውን ቁስ ማፍጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ የሚኖር፣ ነገረ ፈለክ ልቡን የሳበው ወጣት፣ ክብሪት ሳይጭርና ባሩድ ሳይቀምም እውነተኛ ሮኬት ሠርቶ ማስወንጨፍ ይቻለዋል፤ የሚበቃው የለስላሳ ጠርሙስ፣ ከጎሚስታ የሚገኝ የከመነዳሪ ቫልቭ፣ የብስክሌት ፓምፕና ንጹሕ ውሃ ነው።

የኒውተን ሕግ ይህን ያህል ግልጥ ሆኖ ሳለ፣ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሮኬት ወደ ላይ የሚሄደው ከኋላው ያለውን አየር እየገፋ ነው ብለው ሲስቱ ኖረዋል። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ በጥር 1912 ዓ.ም. ባወጣው ርእሰ አንቀጽ፣ የአሜሪካው የፊዚክስ መምህር ሮበርት ጎዳርድ አየር በሌለበት ጠፈር ሮኬት ይሠራል ማለቱን አቃልሎ ጽፎበት ነበር፤ ስሕተቱንም ያረመው ሰዎች ወደ ጨረቃ ጉዞ ከጀመሩ በኋላ፣ በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ነው። የጋዜጣ እርማት እንዲህ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ አስቀድሞ ስለ ባሩድ መናገር ግዴታዬ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ከቧንቧና ከሚፈነዳ ቅመም በየጓሮው ሮኬት ሲሠሩ፣ ጣታቸውንና ዓይናቸውን ያጡት፣ አልፎም የሞቱት ጥቂት አልነበሩም። በዋይት ሳንድስ የሮኬት መፈተኛ ሥፍራ የሚሠራው ሃሪ ስታይን ስለዚሁ አደጋ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ፣ ኔብራስካ በተባለው ክፍለ ሀገር ጫማ በመሸጥ የሚተዳደረው ኦርቪል ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ፣ ከወረቀት የሠራቸውን ቀላልና በፋብሪካ የተዘጋጀ ሞተር የሚገባባቸውን ትንንሽ ሮኬቶች በ1949 ዓ.ም. ላከለት፤ ዛሬ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው የሞዴል ሮኬት ጥበብ የተስፋፋው ከዚህ ከጫማ ሻጩ መልካም አሳብ ነው። በዚያው ዘመን፣ ሶቪየቶች መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ወደ ጠፈር በሰደዱበት ወራት፣ በአሜሪካ ኮልዉድ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር የሚኖረው ሆመር ሂካም የሠራው የመጀመሪያ ሮኬት የእናቱን የአትክልት አጥር አፈረሰ። ሂካም በ1952 ዓ.ም. በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር ተሸላሚ ሆኖ፣ ኋላም የናሳ መሐንዲስ ለመሆን በቅቷል፤ ሆኖም አጥሩን ያፈረሰው ፍንዳታ ሰው ሳይጎዳ መቅረቱ ዕድል እንጂ ጥበብ አልነበረም። የፋብሪካው ሞተር በከተሞቻችን ገበያ በማይገኝበት ሁኔታ፣ የእኛ አገር ጀማሪ መምረጥ ያለበት ውሃንና የታመቀ አየርን ነው።

ጠርሙሱን መለየት የሥራው መጀመሪያ ነው። ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው፣ ጋዝ የሌለው ውሃ የሚታሸግበት ስስ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፤ ግፊት ሲበዛበት ይተረተራል። የለስላሳ ወይም የአምቦ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ጋዙ ከውስጥ የሚያሳድርበትን ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ጭረትና እጥፋት እስከሌለበት ድረስ ይታመናል። ባለ 2 ሊትሩን ጠርሙስ ሢሶውን ውሃ ሞልቶ፣ ቫልቩ በመካከሉ በተሰካበት የላስቲክ ቡሽ አፉን አጥብቆ ከደፈኑ በኋላ፣ ወደ ታች ደፍቶ ቀጥ አድርጎ በሚይዘው ማስወንጨፊያ ላይ ማቆምና አየር መንፋት ነው። ግፊቱ ከውጭው አየር በ4 ባር በልጦ ሳለ ቡሹ ቢለቅ፣ ውሃው በመጀመሪያዋ ቅጽበት በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ፍጥነት ይተፋል፤ የጠርሙሱ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ ከነውሃው 1 ኪሎ የማይሞላው ሮኬት 25 ኪሎ ለማንሣት በሚበቃ ኃይል ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ውስጥ ነው፤ ቀሪው በረራ ባዶ ጠርሙስ ባገኘው ፍጥነት የሚያደርገው ጉዞ ነው።

ጠርሙሱ ለምን በውሃ አይሞላም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኃይሉን የሚያከማቸው የታመቀው አየር ነው፤ ውሃው የሚወረወር ቁስ ነው። ውሃው ሲበዛ አየሩ ሥፍራ ያጣል፣ ሸክሙም ይከብዳል፤ ሲያንስ ደግሞ አየሩ የሚወረውረው ቁስ አጥቶ ኃይሉ በከንቱ ይባክናል። በልጅነቱ በሕመም ምክንያት የመስማት ኃይሉን ያጣው የሩሲያው የገጠር መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1895 ዓ.ም. ያሳተመው ቀመር የሚናገረውም ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ የሮኬት ፍጥነት የሚወሰነው ከአፈሙዙ በሚወጣው ቁስ ፍጥነትና፣ ሮኬቱ ሲነሣና ሲጨርስ ባለው ክብደት ንጽጽር ነው።

ጀማሪውን አብዝቶ የሚያስጨንቀው ግን የኃይል ማነስ ሳይሆን፣ ሮኬቱ ጥቂት ሜትር እንደወጣ ተገልብጦ በአየር ላይ መንከባለሉ ነው። በዚህ ነገር ጎዳርድን የሚያህል ሊቅ እንኳ ስቷል። መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ በአክስቱ እርሻ ላይ በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን ያስወነጨፈው የዓለም የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ሞተሩ ከአናቱ፣ የነዳጅ ጋኖቹ ከታች ነበሩ፤ የተንጠለጠለ ነገር በራሱ እንደሚቀና ሁሉ ሮኬቱም ከላይ ቢጎተት ቀጥ ብሎ ይሄዳል የሚል ግምት ስለነበረ ነው። የተንጠለጠለን ነገር የሚይዘው ገመድ ከሮኬቱ ውጭ ካለ ጽኑ ሥፍራ ሲታሰር፣ የሞተሩ ኃይል ግን ከሮኬቱ አካል ጋር አብሮ ይዘምማል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከላይ ሆነ ከታች የዘመመውን አያቀናም። ያ ሮኬት 12 ሜትር ተኩል ያህል ወጥቶ፣ ከተነሣ ከ2 ሴኮንድ ተኩል በኋላ 56 ሜትር ርቆ በጎመን ማሳ ላይ ወደቀ። ጎዳርድ ኋላ ሞተሩን ወደ ታች አውርዶ፣ አቅጣጫ በሚጠብቅ መሣሪያ ለመምራት ተገድዷል።

ባለ ጠርሙሱ ጀማሪ እንዲህ ያለ መሣሪያ አያሻውም፤ አባቶቻችን በጦር አሠራር ያወቁትን ማስተዋል ይበቃዋል። ብረቱ ከፊት ከብዶ ዘንጉ ከኋላ የቀለለ ጦር ጫፉን አስቀድሞ ይበራል፤ ሮኬትም የክብደቱ ማዕከል ከፊት፣ አየር የሚገፋው ማዕከል ከኋላ ሲሆን፣ ቢዘምም እንኳ አየሩ ጅራቱን ገፍቶ መልሶ ያቀናዋል። ይህን ለማግኘት ከአናቱ ጥቂት ሸክላ መለጠፍ፣ ከጅራቱም ከወፍራም ካርቶን የተቆረጡ ሦስት ወይም አራት ክንፎችን በእኩል ርቀት ማጣበቅ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ባዶውን ሮኬት ሚዛኑን በሚጠብቅበት ሥፍራ በሲባጎ አስሮ በራስ ዙሪያ ማሽከርከር፤ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ለበረራ ደርሷል፤ ጅራቱን ካስቀደመ ወይም ከተንከባለለ፣ ሸክላው ይጨመርለት፣ ክንፉም ይስፋ። ክንፉ ከልክ በላይ ሲሰፋ ደግሞ ሮኬቱ በነፋስ ቀን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ከሜዳው ይርቃል፤ ስለዚህ ነፋስ ያልተነሣበት ማለዳ ይመረጣል።

ሥፍራውን በተመለከተ የሀድያና የከምባታ ደጋ ሰው ብዙም ያላሰበው ጸጋ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ እንደ ባዶ ጠርሙስ ያለውን ቀሊል አካል አብዝቶ የሚይዘው የአየር ተቃውሞ ስለሆነ፣ ይህ ለበረራው ይጠቅማል። ሁለተኛው ጸጋ ለትልልቆቹ ሮኬቶች የሚሆን ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ አገር በምድር መሽከርከር ምክንያት በሴኮንድ 460 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ሮኬቱ በምሕዋር ለመቆየት ከሚሻው በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ላይ ይህ ያለ ዋጋ ይታሰብለታል። ጣሊያኖች በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማሊንዲ አቅራቢያ በባሕር ላይ የሮኬት መድረክ የተከሉት ስለዚህ ነው፤ ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት ከዚያ የተወነጨፈችው ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው።

የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተነሣችው በቻይና ሮኬት፣ ከቻይና ምድር ነው። ከዚህ ብዙ አስቀድሞ በቦንጋ የተወለዱት ዶክተር ኪታው እጅጉ በጃፓን ተምረው፣ በአሜሪካ በጠፈር መንኰራኵር ምሕንድስና ስማቸው የተጠራ ሊቅ ሆነዋል፤ ቦንጋም ከሆሳዕና እጅግ የራቀች አይደለችም።

እንግዲህ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለአካባቢው የፊዚክስ መምህራን፣ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም የማቀርበው ልመና አለ። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ለተማሪዎች የኳስ ሜዳውን ይፍቀዱላቸው፤ ዓይናቸውን የሚጋርድ መነጽር ያስደርጓቸው፣ ቡሹንም ማንም ከሮኬቱ በላይ ሳያጎነብስ ከ10 ሜትር ርቀት በገመድ ያስለቅቁ፤ ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ርቆ የቆመ አንድ ተማሪም ፕሮትራክተር ይዞ፣ ሮኬቱ ከከፍታው ሲደርስ ያለውን ማዕዘን ይለካ። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ ሮኬቱ ከዓይኑ በላይ 50 ሜትር ወጥቷል፤ 30 ዲግሪ ከሆነ 29 ሜትር ነው። ቁጥሩንም የውሃውን ልክና የአየሩን ግፊት ከጎኑ አድርገው በደብተር ያጽፏቸው።